የነጎዲት ዛቢያ

በዚያ ማለዳ በአዘርጋ መንግሥት ጭስ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ እንደ ውኃ ወደ ታች ፈሰሰ። ከጣሪያ ወርዶ ደጃፉን ሞላ፤ ከደጃፍ ወርዶ ጎዳናውን ሞላ። ዶሮዎች ሳይቀሩ አስነጠሱ። ሕዝቡ «ምን ጉድ ነው!» ብሎ ቀና ቢል፣ በቤተ መንግሥቱ ግንብ ጫፍ ላይ ክንፏ እንደ በሰበሰ የሣር ክዳን የተንጨባረረ አንዲት ግዙፍ ወፍ ቆማ አየ። ጭስ ጠጪዋ ቀሪራ ነበረች። አንገቷን ወደ ግንቡ እቶን ሰደደች፤ በአዘርጋ ያለ እሳት ሁሉ የተወለደባትን እመ ፍምን ዋጠች፤ ክንፏንም ዘርግታ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጉምራስ ተራራ በረረች።

እመ ፍም በሄደች ጊዜ ልጆቿ ሁሉ ተከተሏት። የምድጃው፣ የፋኖሱ፣ የጧፉ እሳት በአንድ ትንፋሽ እልም አለ። በዚያ ቀን በመላው አዘርጋ ሰው የበላው ጥሬ ነበር፤ ንጉሡም ጭምር።

የተረፉት ሦስት ፍሞች ብቻ ነበሩ። እነሱም በባለ እጇ በእማማ ዘንቂት ቤት በበሬ ቀንድ ውስጥ፣ አመድ ተከናንበው ተኝተው ስለነበር የእናታቸውን መሄድ አልሰሙም። ነገር ግን እናት የሌላት ፍም ዕድሜዋ አንድ ቀን ነው። በየምሽቱ አዲስ እሳት አንድዶ፣ ከዚያ እሳት አዲስ ፍም ወደ ቀንዱ መመለስ ግድ ነው። እንዲያም ሆኖ በየቀኑ እየደከሙ ሄደው ከስምንተኛው ቀን አያልፉም።

የቤተ መንግሥቱ ራእይ ተርጓሚ በአደባባይ ቆሞ እንዲህ ሲል ተናገረ፦

«ቀሪራ አፏን የምትከፍተው ጭስ ልትጠጣ ነው፤ አፏን ስትከፍት እመ ፍም ትወድቃለች። ነገር ግን ያገኘችውን ጭስ ሁሉ አትጠጣም። የሰው እጅ ያለሰለሰው እንጨት ሲነድ ካልሸተታት በቀር አፏ አይከፈትም! ወደ ጉምራስ የሚያወጣው ጠርዝም ከሦስት ሰው በላይ አይሸከምም፤ ወፍራም ሰውማ አንድም አይሸከምም!»

ጦረኞቹ ይህን ሲሰሙ ሆዳቸውን ነፋ አደረጉ።

ንጉሥ ዘምባር ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ከሚቀመጡበት ባለ ሦስት እግር ዱካ አንዱን እግር ነቅለው ሰጡ። «አባቶቼ ሁሉ በመዳፋቸው ያሹት ነው፤ ከዚህ የለሰለሰ እንጨት በምድሬ የለም» አሉ። ቀሪውን ንግግራቸውን የጨረሱት ግድግዳ ተደግፈው ነው።

እሳቱን ለሚያነዱት ለመጥረቢያ ተሸካሚዎቹ ደግሞ ጥንታዊው ሕግ ተነበበላቸው፦ «ብረት ይዞ የወጣ ብረቱን ይዞ ይግባ። ብረቱ የገባለት ስሙ በበሩ ላይ ዘጠኝ ጊዜ ይጠራል። ብረቱን ያልመለሰ ግን ስሙን ከበሩ ውጭ ይተው፤ ከዚያ ወዲያ ማንም በስሙ አይጥራው። መጥረቢያ አይዋስም፣ አይለመንም። የመረጠው ይሸከመው፣ የመረጠው ይፍለጥበት።»

ስሙን ያጣ ሰው በአዘርጋ ምን ተብሎ ይጠራል? ወንድ ከሆነ «አንተ»፣ ሴት ከሆነች «አንቺ»። በቃ። ሠርግ ላይም «አንቺ»፣ ለቅሶ ላይም «አንቺ»።

ለዚህ መንገድ የታጩት ከእንጨት ፈላጮች ቤት ሁለት ቀጫጭን ልጃገረዶች ነበሩ፦ ዋርሲትና የአክስቷ ልጅ ሶርሜላ። በአንድ ሳምንት ተወልደው በአንድ ቤት አድገዋል። ችግሩም እሱ ነው። ዋርሲት ጥርስ ስታበቅል ሶርሜላ ቀድማ አብቅላ ነበር። ዋርሲት ማፏጨት ስትማር ሶርሜላ በፉጨቷ ወፍ ከዛፍ ታወርድ ነበር። «እንደ ሶርሜላ ቀጥ ብለሽ ሂጂ»፣ «እንደ ሶርሜላ ቀስ ብለሽ ሳቂ» ሲባል እየሰማች ዋርሲት ዐሥራ ስድስት ዓመት ሆናት። ስማቸው እንኳ ሲጠራ «ሶርሜላና ዋርሲት» ነው እንጂ «ዋርሲትና ሶርሜላ» ያለ ሰው ከተፈጠረች አልሰማችም። ስለዚህ በልቧ የፈለገችው እመ ፍምን ብቻ አልነበረም። በዚያ በር ላይ የራሷ ስም ቀድሞ፣ ለብቻው፣ ዘጠኝ ጊዜ ሲጠራ መስማት ነበር። ሶርሜላም ቆማ እንድትሰማ ነበር። በተለይ የፈለገችው ይህን ነበር።

መጥረቢያ ሊመርጡ ወደ እማማ ዘንቂት ቤት ገቡ። እማማ ዘንቂት ክንዳቸው እንደ ወይራ ሥር የተጠማዘዘ፣ ቅንድባቸው ድሮ በእቶን ተቃጥሎ ያልተመለሰ አሮጊት ናቸው። ግድግዳው ሙሉ መጥረቢያ ነው።

«ስሙኝ ልጆቼ» አሉ። «ሰባት ቀን ትሄዳላችሁ። መጥረቢያ የምትፈልጉት ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ነው፤ የቀረውን ሰዓት ሁሉ ትሸከሙታላችሁ እንጂ አትሠሩበትም። ስለዚህ በዓይን አትምረጡ፣ በትከሻ ምረጡ። ስለቱ ቀጠን ይበል፣ ጉንጩ ወፈር ይበል፤ ስለቱ ይገባል፣ ጉንጩ ይከፍታል። ዛቢያው ከብብታችሁ እስከ መዳፋችሁ ይድረስ፤ የእንጨቱ መስመር ከላይ እስከ ታች አብሮት ይሩጥ፣ አቋርጦ ከሄደ ይሰበራል። ዋርካ ልትጥሉ አይደለም የምትሄዱት። ለሦስት ሰው የሚበቃ እሳት ልታነዱ ነው።»

ፈተናውም ይህ ነው፦ ዛቢያውን በጫፉ ይዞ ክንድን ወደ ፊት መዘርጋትና እማማ ዘንቂት የወናፍ ዘፈናቸውን እስኪጨርሱ መቆም። ክንዱ ካልተንቀጠቀጠ መጥረቢያው የእሱ ነው።

በግድግዳው መካከል ነጎዲት የምትባል ትልቅ መጥረቢያ ተሰቅላ ነበር። ራሷ የጥጃ ፊት ያክላል። አንገቷ ላይ የናስ ቀለበት አለ፤ ጉንጯ ላይ የተጠመጠመ እባብ ተቀርጾባታል። ዛቢያዋ በሦስት ትውልድ እጅ ታሽቶ እንደ ማር ያበራል።

«ውይ! እንዴት ታምራለች!» አለች ሶርሜላ፤ ልትነካትም እጇን ሰደደች።

ዋርሲት አላሰበችም። እጇ ቀደማት። ነጎዲትን ከግድግዳው መንጭቃ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት፤ ክብደቷም ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ወሰዳት።

«የኔ ናት!»

«ልነካት እኮ ነው» አለች ሶርሜላ።

«ንኪያት። የኔ ግን ናት።»

እማማ ዘንቂት ዘፈናቸውን ጀመሩ። ዘፈኑ ሦስት ስንኝ ብቻ ነው፤ በዚያ ቀን ግን ዓመት የሚፈጅ መሰለ። በመጀመሪያው ስንኝ የዋርሲት ክንድ ጋለ። በሁለተኛው ሊንቀጠቀጥ ሲል ክርኗን በኩታዋ ሥር ወደ ጎኗ አስገብታ በጎድኗ ደገፈችው። ማንም ያየ አልመሰላትም። እማማ ዘንቂት ግን ያ የተቃጠለ ቅንድባቸው የነበረበት ቦታ ከፍ አለ።

«መረጥሽ?»

«መረጥኩ።»

«በትከሻሽ ነው?»

«በትከሻዬ!»

«እንግዲያው እሱው ይንገርሽ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ሶርሜላ ከበሩ ኋላ ስም የሌላት፣ ቀለበት የሌላት፣ ራሷ ከመዳፍ እምብዛም የማይበልጥ አንዲት ትንሽ መጥረቢያ አገኘች። ክንዷን ዘረጋች። ዘፈኑ አለቀ። እሷ ግን እንደ ቆመች «አለቀ እንዴ?» ብላ ጠየቀች። አያናድድም?

ሦስተኛው መንገደኛ ጋሽ ድንባዝ ነበሩ፤ ጉምራስ ላይ አንድ ጊዜ ወጥተው የተመለሱ፣ ስለዚያም ጉዞ ሺህ ጊዜ ያወሩ ቀጭን ሽማግሌ። ቀንዱን በሁለት እጃቸው እንደ ሕፃን ታቅፈው ይሄዳሉ። የቀንድ ተሸካሚ ብረት አይዝም፣ በትርም አይዝም፤ በየጊዜው አመዱን እፍ እያለ ፍሞቹን ከማባበል በቀር ሥራ የለውም።

የአዘርጋ ሰው መንገድ ላይ ሲያድር «ደህና እደሩ» አይልም። «አጠጣችሁ?» ነው የሚለው። የመጥረቢያው ራስ ውኃ ውስጥ ካደረ እንጨቱ አብጦ ብረቱን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ከደረቀ ግን ይሸሻል፤ ብረቱም ይላላል። ስለዚህ አንዱ «አጠጣችሁ?» ይላል፤ ሌላው «አጠጣን» ይላል፤ ከዚያ ሁሉም በሰላም ይተኛል።

በመጀመሪያው ቀን ነጎዲት የዋርሲትን ዳሌ ስትደበድብ ዋለች። በሁለተኛው ቀን በቀኝ ትከሻዋ ላይ ሆና ቀኙን በላች፤ በሦስተኛው ወደ ግራ ዞራ ግራውን በላች። ምሽት ላይ ዋርሲት ተንጋላ አየር ስትፈልግ ሶርሜላ ትንሿን መጥረቢያ ከወገቧ መዘዝ ታደርግና ጧ! ጧ! ጧ! ጨርሳለች። ቅርፊቱን ትልጣለች፣ ጭራሮውን ትሰነጥቃለች፣ ጉቶውን ትፈልጣለች፤ እሳቱም ይያዛል።

«ተባረኪ የኔ ልጅ! እጅሽ ወርቅ ነው» ይላሉ ጋሽ ድንባዝ፣ አዲሶቹን ፍሞች ወደ ቀንዱ እየመለሱ። ከዚያ ወደ ዋርሲት ዞር ይላሉ። «አንቺ ዋርሲትዬ፣ የተሸከምሻት መጥረቢያዋን ነው ወይስ የመጥረቢያዋን እናት?»

ሶርሜላ ትስቃለች። ቀስ ብላ፣ አሳምራ። ያ ሳቅ ከነጎዲት ይከብድ ነበር።

ዋርሲት መንገዱን ሁሉ የምታየው የሶርሜላን ጀርባ ነው። ቀጥ ያለ ጀርባ። በየእርምጃው ከወገቧ ላይ እንደ ጌጥ ውዝወዝ የምትል ትንሽ መጥረቢያ። በልቧም ትላለች፦ እኔ ነኝ ትልቋን የመረጥኩት፤ ታዲያ ለምንድን ነው እሷ የምትመሰገነው?

በአራተኛው ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሶርሜላ እግሯን ዘርግታ፣ «ዋርስዬ፣ እጄ ዝሏል። ወደ ምንጩ ስትወርጂ የኔንም ይዘሽ አጠጪልኝ» አለች።

«እሺ» አለች ዋርሲት።

ሁለቱን ይዛ ወረደች። ነጎዲትን ውኃው ውስጥ አስተኛቻት። ከዚያ ትንሿን መጥረቢያ አነሣች። እንዲህ ቀላል ነበረች እንዴ! አንዴ በአየር ላይ ወነጨፈቻት፤ ክንዷ ምንም ሳይሰማው ሄዳ ተመለሰች። ዋርሲት ጥቂት ቆመች። ከዚያ ትንሿን መጥረቢያ ሳታጠጣ ይዛት ወጣች፤ ማንም በማያይበት ከድንጋዩ ኋላ፣ ራሷን ወደ እሳቱ አዙራ ወላፈኑ በሚመታት ቦታ አቆመቻት።

ክፉ ነገር አልነበረም ያሰበችው፤ ወይም እንደዚያ ነው ለራሷ የነገረችው። ትንሽ ብቻ እንዲላላ። ነገ ሶርሜላ ሁለቴ መትታ፣ ብረቱ ተንገጫግጮባት፣ ጋሽ ድንባዝ «አይ ሶርሜላ!» እንዲሉ። አንዴ። በሕይወቷ አንዴ «አይ ሶርሜላ!» ሲባል ትስማ።

«አጠጣችሁ?» አሉ ጋሽ ድንባዝ ከኩታቸው ውስጥ።

«አጠጣን» አለች ዋርሲት።

አምስተኛው ቀን ከማለዳ ጀምሮ ዝናብ ነበር። አመሻሹ ላይ ከቀጭኑ ጠርዝ ደረሱ፤ በግራ ገደል፣ በቀኝ ግድግዳ፣ መሀል ላይ እንደ ምንጣፍ የጠበበች ቦታ። ከዓለቱ የበቀለ አንድ የወደቀ ግንድ ነበር፤ ላዩ በስብሷል፣ ልቡ ግን ደረቅ ይሆናል። ሶርሜላ መጥረቢያዋን አነሣች። አንዴ መታች። ሁለቴ መታች። በሦስተኛው ብረቱ ከዛቢያው ወጥቶ ቱር ብሎ እንደ ወፍ በረረ። ገደሉ ውስጥ ቅጭል አለ። ዘግየት ብሎ አንዴ እንደገና ቅጭል አለ። ከዚያ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ።

ሶርሜላ ባዶ ዛቢያ ይዛ ቆመች።

ጋሽ ድንባዝ የዛቢያውን ጫፍ በጣታቸው ዳሰሱ። «በዚህ ሁሉ ዝናብ መሀል ውስጡ ደርቋል። አጠጥታችሁት ነበር?»

«ዋርሲት አጠጥታልኛለች» አለች ሶርሜላ ቶሎ ብላ። «ጥፋቱ የኔ ነው ጋሼ። ቋጠሮው ላይ መታሁ።»

አሁን «አይ ሶርሜላ!» ያለ ሰው አልነበረም።

ዋርሲት ነጎዲትን አነሣች። የመጀመሪያው ምት ግንዱን ሳተ። ሁለተኛው ገብቶ ተቀረቀረ። ስታላቅቀው ጉልበቷ አለቀ፤ አምስት ቀን ሙሉ የተሸከመችው ክብደት ለመምታት የሚሆን ክንድ አላስተረፈላትም ነበር። በቀንዱ ውስጥ ከሦስቱ ፍሞች አንዷ ጠቆረች። ሁለተኛዋም ዓይኗን ከደነች።

«ሌላ ምን ደረቅ አለን?» ብለው ጮኹ ጋሽ ድንባዝ።

ሶርሜላ የትንሿን መጥረቢያዋን ዛቢያ ሰጠች። ነደደ፤ አልበቃም። ጋሽ ድንባዝ ከእቅፋቸው በቆዳ የተጠቀለለውን የንጉሡን ዱካ እግር አወጡ፤ ግንባራቸውን አስነክተው ይቅርታ ጠየቁ፤ ጨመሩት። እሳቱ ተነሣ። ፍሞቹ ዳኑ።

ነገር ግን ለቀሪራ የታሰበው፣ የነገሥታት እጅ ያለሰለሰው እንጨት አመድ ሆነ። የሰው እጅ ያለሰለሰው እንጨት በዚያ ተራራ ላይ አንድ ብቻ ቀረ። ጋሽ ድንባዝ የነጎዲትን ዛቢያ አዩና ዓይናቸውን ወደ ገደሉ መለሱ። ሶርሜላም አየችና መሬት መሬት ተመለከተች። መጥረቢያ አይለመንም። ዋርሲት ነጎዲትን እቅፍ አድርጋ እንደማታውቅ ሆነች።

በቀሩት ሁለት ቀናት የፈለጠችው እሷ ነበረች። መዳፏ ተልጦ፣ እየረገመች፣ አንድ ነገር ግን ተማረች፦ ነጎዲትን መምታት አያስፈልግም፤ አንሥቶ እንድትወድቅ መተው ነው። አንድ ማለዳ ዋርሲት ሶርሜላን ድንጋይ ሥር ተቀምጣ አገኘቻት፤ ከንፈሯ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀስ ነበር። «ሶርሜላ፣ ሶርሜላ፣ ሶርሜላ» ትላለች። ስሟን እየተሰናበተችው ነበር።

በሰባተኛው ቀን ጉም ውስጥ ከጉምራስ ጫፍ ወጡ። ቀሪራ በዓለቱ ላይ እንደ ፈረሰ ጎጆ ተከምራ ተቀምጣለች። በጉሮሮዋ ላባ ሥር ቀይ ብርሃን ያበራል፣ ይደበዝዛል፣ ያበራል፤ እመ ፍም ናት። እሳት አነደዱ። ጭሱ ወደ ወፏ ሄደ። ቀሪራ አንዴ አሸተተችና እንደ ጠገበ ሕፃን ፊቷን አዞረች።

በቀንዱ ውስጥ አንዲት ፍም ብቻ ቀርታለች።

ዋርሲት ነጎዲትን ወደ እሳቱ አስጠጋቻት። ከዚያ እጇ ቆመ። በበሩ ላይ ቀለበቷ የሚያበራ፣ ዛቢያዋ እንደ ማር የሚያንጸባርቅ ነጎዲትን ከፍ አድርጋ ስትገባ በሐሳቧ ስንት ጊዜ አይታዋለች! ራሰ በራ ብረት ታቅፎ መግባት ግን...

«ተይ፣ አታቃጥያት» አለች ሶርሜላ በቀስታ። «ጭራሮ ልፈልግ፤ ምናልባት ሌላ መላ ይኖር ይሆናል። የኔ ስም እንደሆነ ቀርቷል። ያንቺ እንኳ አምሮበት ይጠራ።»

እንዲህ ባትላት ይሻል ነበር። ብትሰድባት ይሻል ነበር።

«አላጠጣኋትም!» ብላ ጮኸች ዋርሲት። «መጥረቢያሽን አላጠጣኋትም! እሳት ዳር ነው ያቆምኳት፤ ሆን ብዬ! ቀንቼ! ነጎዲትንም የወሰድኳት አንቺ እንዳትወስጃት ብዬ ነው፤ ትከሻዬን በላችው፣ አልወዳትም፣ ዐይኗን ማየት አልፈልግም!»

ጋሽ ድንባዝ ቀንዱን እፍ ማለት ረሱ።

የሶርሜላ ጉንጭ ቀላ፣ ከዚያ ነጣ።

«ነጎዲትን እኮ አልፈለግኳትም ነበር» አለች። «ከገባሁ ጀምሮ ዓይኔ ትንሿ ላይ ነበር።»

«ታዲያ ለምን "እንዴት ታምራለች" አልሽ?»

«ስለምታምር ነዋ!»

ቀሪራ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ስሚኝ» አለች ሶርሜላ። «አገራችን ከተመለስን አላናግርሽም። ካልተመለስን ደግሞ ጭራሽ አላናግርሽም። አሁን ግን ፍሟ እየሞተች ነው፤ ያንን ዛቢያ ንቀዪው!»

ዋርሲት ነጎዲትን አገላብጣ ከዓለቱ ጋር አላተመቻት። በሦስተኛው ብረቱ ወለቀ። ስለቱን በዛቢያው ጫፍ ላይ አቁማ ያዘች፤ ሶርሜላ ድንጋይ አንሥታ ከላይ መታች። ያ የጥጃ ፊት የሚያክል ብረት እንደ ሽብልቅ ገባ፤ የሦስት ትውልድ ላብና ቅባት የጠጣው እንጨት ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። የመጨረሻዋን ፍም ከሥሩ አደረጉ። ጋሽ ድንባዝ ነፍሳቸው እስክትወጣ እፍ አሉ።

ነደደ። ጭሱም ሌላ ጭስ አልነበረም። የሰው መዳፍ፣ የድሮ ምሽት፣ የሞቱ አባቶች ሳል ይሸት ነበር። ቀሪራ አንገቷን መዘዘች። ላባዋ ሁሉ ቆመ። አፏን በረጅሙ ከፈተች፤ እመ ፍምም ከጉሮሮዋ ወጥታ ዓለቱ ላይ ወደቀች፤ ወደ ገደሉም መንከባለል ጀመረች!

ዋርሲት በሆዷ ተወርውራ ባዶውን ብረት ከፊቷ ደቀነች። እመ ፍም በሰፊው ጉንጭ፣ በእባቡ ላይ ወጥታ ቆመች። ትንሽ መጥረቢያ ቢሆን ኖሮ አልፋው ትሄድ ነበር። ብረቱ ጋለ፤ የዋርሲት መዳፍ ቆዳው ጮኸ፤ እሷ ግን አልለቀቀችም። ጋሽ ድንባዝ ቀንዱን ደቀኑ፤ እመ ፍም ወደ አመዱ ገባች። ቀሪራ ጭሷን እየማገች ዓይኗን ጨፍና እንደ ሰከረ ሰው ተወዛወዘች። እነሱም ወረዱ። ሶርሜላ እንዳለችው ነበረች፤ በመንገድ ሁሉ አንድ ቃል አልተነፈሰችላትም።

በአዘርጋ በር ላይ ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ሞልቶ ነበር። ጋሽ ድንባዝ ቀንዱን ከፍ ሲያደርጉ በከተማው ያለ ምድጃ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቦግ አለ። እልልታው ምድርን አናወጠ። ንጉሥ ዘምባር እንኳ በሁለት እግር ዱካ ላይ ተቀምጠው ለማጨብጨብ ሞክረው ወደቁ።

በረኛው ግን ሥራው ሥራ ነው። በጦሩ መንገዱን ዘጋ።

«ሁለት ብረት ወጥቶ ነበር። አንድ ብረት አያለሁ። የማን ነው?»

ብረቱ በዋርሲት እጅ በጨርቅ ተጠቅልሏል። «የኔ» ማለት ቀላል ነበር፤ እውነትም ነበር። ስሟ ዘጠኝ ጊዜ። ለብቻው። ሶርሜላ ከጎኗ ቆማ ያለ ድምፅ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች።

«የሶርሜላ ነው» አለች ዋርሲት።

ሶርሜላ አፏን ከፈተች፤ ዋርሲት እግሯን ረገጠቻት። ጋሽ ድንባዝ አጥብቀው ሳሉ።

በረኛው ብረቱን ወደ ባለ እጇ ላከው። እማማ ዘንቂት ገልጠው አዩት። እባቡን አዩ። የናሱን ቀለበት አዩ። በገዛ እጃቸው ሲስሉ የኖሩትን፣ ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁትን ነጎዲትን አገላበጡ። ከዚያ የዋርሲትን የተቃጠለ መዳፍ አዩ።

«የሶርሜላ ነው» አሉ።

ዋርሲት በልቧ፣ ትንሽ እንኳ አይከራከሩም! አለች።

«ሶርሜላ!» አለ ሕዝቡ። «ሶርሜላ! ሶርሜላ!» ዘጠኝ ጊዜ። ዋርሲት እያንዳንዱን ቆጠረች። እያንዳንዱም እንደ ሚጥሚጣ ጉሮሮዋን እየላጠ ወረደ። ቅናቷ ተራራ ላይ የቀረ መስሏት ነበር፤ ለካ አብሯት ወርዷል። ሲያልቅ በረኛው ወደ እሷ ዞረና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንቺ፣ ግቢ» አላት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ «አንቺ» ሆነች። አባቷ «አንቺ፣ ራት ቀርቧል» ይሏታል። ጎረቤት «አንቺ፣ ሶርሜላን ጥሪልን» ይላታል። ሶርሜላ ግን «አንቺ»ም አትላትም፤ አላናግርሽም ያለች ልጅ ናት፤ ቃሏን አከበረች። አንድ ወር ሙሉ።

በወሩ መጨረሻ እማማ ዘንቂት በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ላኩላት፦ ስም የሌላት፣ ቀለበት የሌላት፣ ራሷ ከመዳፍ እምብዛም የማይበልጥ መጥረቢያ። ክንዷን ዘርግታ የወናፉን ዘፈን ለራሷ ዘፈነች። ሦስቱም ስንኝ አለቀ። ክንዷ አልተንቀጠቀጠም።

ማምሻውን ወደ ወንዙ ወርዳ መጥረቢያዋን ውኃ ውስጥ አስተኛቻትና ዳሩ ላይ ተቀመጠች። ከኋላዋ የእግር ኮቴ ሰማች። ቀጥ ያለ አካሄድ ነው፤ ሳትዞር አወቀችው።

ሶርሜላ ከጎኗ ቆመች። ግራ ቀኝ አየች። በወንዙ ዳር ማንም አልነበረም።

«አጠጣሽ፣ ዋርሲት?»

«አጠጣሁ።»

ሶርሜላ ግን እጅጌዋን ሰብስባ ጎንበስ አለች፤ እጇን ውኃው ውስጥ ከታ፣ ብረቱን እስክትጨብጥ ዳሰሰችና አረጋገጠች። ከዚያ እጇን አራግፋ ወደ ቤት ልትመለስ ዞረች።

«ድገሚው» አለች የተቀመጠችው ልጅ።

«ምኑን?»

«ስሙን።»